ለሁለት መንገድ አንድ ጎማ

ባለፈው ሐምሌ መቱ ውስጥ ስሄድ ዝናቡ ጠንከር ሲልብኝ አንድ የመለዋወጫ መደብር በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። በረንዳው ላይ የሞተር ጎማዎች እስከ ትከሻዬ ድረስ ተደራርበዋል። የአዲስ ጎማ ሽታ ከእርጥብ አየር ጋር ሲቀላቀል ይከብዳል፤ ጉሮሮ ውስጥ ሁሉ ይሰማል። ባለመደብሩ ወጣ ብሎ "እትዬ፣ ወንበር ላምጣልዎት?" አለኝ። "አይ፣ ደህና ነኝ" አልኩት። እጄ ግን ሳላስበው ከላይ ያለውን ጎማ በአውራ ጣት ጥፍር ይጫን ነበር። ሰውየው አየና ሳቀ። "ጎማ ያውቃሉ እንዴ?"

"ድሮ ተምሬው ነበር" አልኩት። እንዴት እንደተማርኩት ለመናገር ግን ጊዜም አልነበረም፣ እሱም ደንበኛ መጣበት። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቆሜ ለራሴ አስታወስኩት።

ከኮሌጅ ወጥቼ የንብና የማር ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩበት ዘመን ነው። የምኖረው መቱ፣ እናቴ ቤት ነበር። ሥራዬ ግን ሜዳ ላይ ነው። ግማሹን ጊዜ ወደ ሁሩሙ፣ ግማሹን ደግሞ ወደ ኡካ እሄዳለሁ። ገተማ የሚሉት ዛፍ ሲያብብ ገበሬዎቹ ቀፎአቸውን ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ነጩ ማር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔም የምፈለገው ያን ጊዜ ነው። ሚኒባስ ዋናው መንገድ ላይ ያወርድሃል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ ዞን ከተዛወረ ባልደረባዬ ላይ አንዲት ቀይ ሞተር ገዛሁ። በዚያን ጊዜ መቱ ውስጥ ሞተር የምትነዳ ሴት ካለችም እኔ አላየኋትም።

እውነቱን ለመናገር ሞተሯን የገዛሁት ለሥራ ብዬ ቢሆንም የወደድኳት በሌላ ምክንያት ነው። ወደ ሁሩሙ የሚወስደው አስፋልት ጥቅጥቅ ባለ ጫካ መሃል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ጠዋት ጉሙ ከዛፎቹ ላይ ሳይነሳ፣ አየሩ እርጥብ አፈርና የቡና አበባ ሲሸት፣ ማርሽ ቀይሬ ኩርባው ውስጥ ሳዘነብል ሆዴ ውስጥ የሚሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ በሌላ ነገር አላገኘሁትም። ፍጥነት እወድ ነበር። ይህን ለማንም አልደበቅሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሁሩሙ ስመለስ ካፊያ ነበር። በጣም አልፈጠንኩም። ሰፊ ኩርባ ላይ ስገባ የኋላው ጎማ ሸሸኝ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ልክ ሰው ከሥርህ ምንጣፍ እንደሚስብ ነው። አስፋልቱ ላይ ተንሸራትቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ግራ እጄ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት በጀሶ ታስሬ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጎረቤቱ ሁሉ "ፍጥነት ነው የጣላት" ይላል። "ሴት ልጅና ሞተር ምን አገናኛቸው" ያሉም አልጠፉም። ታላቅ ወንድሜ ቶሌራ የመቱ–በደሌ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ እሱ ደግሞ "ቢሮ ውስጥ ቦታ እንዲሰጡሽ ጠይቂ" አለኝ። እናቴ ግን የሞተሩን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣችና መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። በቃ። እናቴ አባታችን ከሞተ በኋላ ሁለታችንን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። የምትቆጣው አፏን ዘግታ ነው።

በጀሶ ታስሬ በተቀመጥኩበት ጊዜ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያንን ኩርባ ደረቅ ሲሆን ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ታዲያ ያን ቀን ምን ተለየ? ግቢ ውስጥ የቆመችውን ሞተር ቁጭ ብዬ አየኋት። ጎማዎቹ የባልደረባዬ ናቸው፤ እሱ አስፋልት ብዙም አይነዳም ነበር። ትልልቅ ጥርስ ያላቸው የጭቃ ጎማዎች ናቸው። አስፋልት የሚነኩት በጥርሳቸው ጫፍ ብቻ ነው። ጥፍሬን ስጫንበት ደግሞ ጎማው እንደ ቀንድ ደርቋል።

ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሄጄ የተጣሉ ጎማዎች ቁራጭ ለመንኩት። ከየዓይነቱ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ምን እንደማደርግበትም አልጠየቀኝም። ግቢያችን ውስጥ ልብስ የምናጥብበት ሰፊ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን በውሃ አርሼ፣ ቁራጮቹን በየተራ አስቀምጬ፣ በላያቸው ጡብ ጭኜ በገመድ እጎትት ጀመር። በአንድ እጄ ነው እንግዲህ። ደረቁ ጎማ ጥርስ ይኑረውም አይኑረውም ሸርተት ይላል። ለስለስ ያለው ግን ድንጋዩን ይዞ አልሄድም ይላል፤ ገመዱ ይወጠራል። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ምን ሆነሽ ነው፣ ኢንታላ ኮ?" አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ ስትጨነቅ በኦሮምኛ ነው የምትጠራኝ።

"የጣለኝን እየፈለግሁ ነው፣ እማዬ።"

ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ሌላ ቀን ጡቧ ከድንጋዩ ላይ ስትወድቅ መልሳ ያስቀመጠችልኝ ግን እሷው ናት።

ጀሶው ሲፈታልኝ በቀጥታ ጋሼ ሙዲን መደብር ሄድኩ። ጋሼ ሙዲን ከስልጤ መጥቶ መቱ ውስጥ የከተመ፣ ሚስት ያገባ፣ ልጆች የወለደ፣ ከሁሉም ጋር የሚጫወት ነጋዴ ነው። ሁለት ዓይነት ጎማ አወረደልኝ። አንዱ ጥርሳሙ ነው፤ ሌላው ጥርስ የሌለው፣ መስመር መስመር ብቻ ያለው የአስፋልት ጎማ።

"ጫልቱ፣ ጥርሳሙን ውሰጂ። አገሩ ጭቃ ነው። ሁሉም የሚገዛኝ ይህንን ነው።"

"እሱ ነው የጣለኝ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ይህን ውሰጂ። በአስፋልት ላይ እንደ ቅቤ ነው።"

"የኡካ ጭቃ ውስጥ ስገባስ? መጀመሪያ ያገኘሁት ዳገት ላይ ቆሜ ልቀር?"

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? መንገድሽን ምረጪ።"

ይህችን ቃል ቶሌራም ብሎኝ ነበር። መንገድሽን ምረጪ። ለእነሱ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ሥራዬ ጭቃው ውስጥ ነው፤ ደስታዬ አስፋልቱ ላይ ነው። አንዱን ለመተው ዝግጁ አልነበርኩም። የምፈልገውን ነገርኩት። ጥርሱ አጠር ያለና መሃሉ ላይ የተጠጋጋ፣ ጠርዙ ላይ ግን ከፈት ያለ ጎማ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለስለስ ያለ፣ እርጥብ አስፋልት የሚይዝ።

ጋሼ ሙዲን ፊቱን ኮስተር አደረገ። "እሱ ዓይነት አለ። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ግን ለስላሳው ቶሎ ያልቃል። ደረቁን ከገዛሽ ሁለት ክረምት ይቆይልሻል፤ ይሄኛው በአንዱ ያልቅብሻል።"

"እኔ ከማልቅ እሱ ይለቅ፣ ጋሼ።"

እየሳቀ ስልኩን አነሳ። ጎማዎቹ እስኪመጡ ድረስ በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ጠየቅሁት። በመጨረሻ ከሩቅ ሲያየኝ ገና ሰላም ሳልለው "አልመጣም!" ይለኝ ነበር። የመጡ ቀን ግን ራሱ ቤታችን ድረስ ሰው ላከብኝ።

ጎሚስታው ገጠመልኝ። አሁን የቀረው ቁልፉ ነው። ማታ እራት ላይ ቶሌራም ባለበት እናቴን ጠየቅኋት። ጎማው እንደተለወጠ፣ ከአሁን በኋላ እንደማይጥለኝ ነገርኳት።

"ማን ይመሰክራል?" አለች።

"ቶሌራ በመኪናው ይከተለኝና ይይ።"

እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። "ቶሌራ ሞተሩን ጠልቷል። አንቺ ወደሻል። የሁለታችሁም ምስክርነት አይሆንም። እኔው ራሴ እቀመጥበታለሁ።"

ቶሌራ ጉርሻው አንቆት ውሃ ሰጠነው። እናቴ እንኳን ሞተር ላይ፣ ባጃጅ ላይ ስትሳፈር የሾፌሩን ኮት አንቃ የምትይዝ ሴት ናት። ልመልሳት ሞከርኩ። "አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላዩ ያዳልጣል፣ ትንሽ መነዳት አለበት" አልኳት። እሷም ለዚያ መፍትሔ አላጣችም። ጠዋት ቁልፉን ትሰጠኛለች፤ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብዬ ስመለስ ትቀበለኛለች። ላዩ ሻከር እስኪል ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ። የሚያውቁኝ ልጆች "ፈራሽ እንዴ?" እያሉ ያልፉኛል።

የሁሩሙ ገበያ ቀን ጠዋት እናቴ ተነስታ ከቀሚሷ ሥር የአባቴን ሱሪ ለብሳ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች። እንደ ወንድ እግሯን ከፍታ መቀመጥ እንዳለባት ነግሬያት ስለነበር ማታውን አስባበት ኖሯል። ጎረቤት እያየ ወጣችና ተቀመጠች። የምንሄደው እህቷ ቤት ነው፤ ከሁሩሙ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቡናና ንብ ያላት ገበሬ ናት።

መቱን እንደለቀቅን ዝናቡ ጀመረ። እንዲያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን ጀርባዬን ነካ አድርጋ "ሂጂ፣ ልናይ የወጣነው ደረቁን አይደለም" አለችኝ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ "ሱታ! ሱታ!" ትላለች። ቀስ በይ ማለት ነው። እጆቿ ሆዴን እንደ ገመድ አስረውኛል። የወደቅሁበት ቦታ ስንደርስ ሳልነግራት አወቀች፤ ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ቦታውን ከወሬ ብቻ ነው የምታውቀው።

ኩርባው ውስጥ ገብቼ አዘንብዬ ሳለ ከቡናው ውስጥ አንድ ወይፈን ዘሎ መንገዱ መሃል ቆመ። ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። የፊቱ ጎማ አስፋልቱን ሲነክስ በእጄ ተሰማኝ። የኋላው ትንሽ ወዝወዝ አለና ተመልሶ ያዘ። ወይፈኑ ፊት ቆምን። አፍንጫው ሲተነፍስ እንፋሎቱ ይታየኛል። እሱም አየን፣ እኛም አየነው፤ ከዚያ እንደ ባለርስት ቀስ ብሎ ተሻገረ።

"እማዬ?" አልኩ።

"አልወደቅንም?" አለች።

"አልወደቅንም።"

"እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?"

ከሁሩሙ ወጥተን ወደ አክስቴ ቤት ስንታጠፍ ቀይ ጭቃ ተቀበለን። አንድ ቦታ ላይ እግሬን አወረድኩ፣ ሌላ ቦታ እናቴ ወርዳ ገፋች፤ የዓመት በዓል ጫማዋ ጭቃ ሆነ። ጥርሳሙ ጎማ ቢሆን ሳንወርድ እንወጣ ነበር፤ ይህን አልክድም። የአስፋልቱ ቢሆን ግን እዚያው ነበርን። ደረስን። አክስቴ ሞተር ላይ ያለችውን እህቷን ስታይ እጇ ላይ የነበረውን ቅል ጣለችው። ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ ከጎኑም ያን ነጭ ማር አቀረበችልን። እናቴ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስለ ዘመድ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ሠርግ አወሩ። እኔ ፊቷን እያየሁ መብላት አቃተኝ።

ስንመለስ ሰማዩ ከበስተጀርባችን እንደገና ጠቆረ። አስፋልቱ ላይ ወጥተን ቀስ ብዬ ስሄድ እናቴ ዞራ ደመናውን አየችና ጀርባዬን በመዳፏ መታችኝ።

"ዳፊ!" አለች። ፍጠኚ።

የሰማሁት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ "ምን አልሽ?" ብዬ ጮህኩ።

"ዳፊ! ዝናቡ ሳይደርስብን!"

ፈጠንኩ። ኩርባውን ተራ በተራ፣ እያዘነበልኩ፣ እሷም ከእኔ ጋር እያዘነበለች። የነጠላዋ ጫፍ ተፈትቶ ከኋላችን ይርገበገባል። አንዴ ስትስቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ስጠይቃት ንፋስ ነው ብላለች።

ቤት ስንደርስ ወርዳ ጉልበቷን አሸች። ከዚያ ቁልፉን ከሞተሩ ላይ ራሷ ነቀለች። ወደ ቤት ተከትያት ገባሁ። ቁልፉን መቀነቷ ላይ አልቋጠረችውም፤ በሩ አጠገብ የቤቱ ቁልፍ የሚሰቀልበት ሚስማር አለ፣ እዚያ ላይ ሰቀለችው። ለቶሌራ ደግሞ ማታ ሲመጣ "ያንተ መኪና ጎማስ መቼ ነው የሚታየው?" አለችው።

እነዚያ ጎማዎች ጋሼ ሙዲን እንዳለው በአንድ ክረምት አለቁ። መልሼ ያንኑ ዓይነት አስመጣሁ፣ ከዚያም መልሼ፤ በኋላ ሌሎች ልጆችም ይጠይቁት ጀመር።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ሳወራ የምኮራው በምርጫዬ ነበር። ሁሉም አንዱን ተይ ሲሉኝ ሁለቱንም ይዤ መቅረቴ ያኮራኛል፤ አሁንም ቢሆን አልተውኩትም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ሐሳቤ ወደ እሷ ያደላል። እኔ ድንጋይ ላይ ጎትቼ፣ በጥፍሬ ተጭኜ፣ አምኜ ነው የተቀመጥኩት። እሷ ስለ ጎማ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ወድቃ እጇን የሰበረች ልጇን ወገብ ይዛ፣ በዝናብ፣ በሟች ባሏ ሱሪ ወጣች። እኔም ልጆች ወልጃለሁ፣ አሳድጌያለሁ። ልጆቼ አደገኛ የመሰለኝን ነገር ሲጀምሩ ቁልፍ መደበቅ ይቀለኛል፤ ደብቄም አውቃለሁ። ከኋላቸው ለመቀመጥ ግን እስካሁን እየተለማመድኩ ነው።