የአጎቴ አውጫጭ

አጎቴ ቡሬ ላይ መኪና ይጠግኑ ነበር። ባትሪ አልይዝ ያለ እንደሆነ፣ «በሉ አውጫጭ እንቀመጥ!» ይላሉ። ከብት ሲጠፋ መንደርተኛው ተሰብስቦ ሌባውን እንደሚያወጣው፣ እሳቸውም ሁሉን አጥፍተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ከባትሪው ጫፍ ያነካካሉ። እሳት የተፋው ሲገኝ፣ «ሌባው ይኸው!» ብለው ይጮኻሉ። የበላቸውም ይኸው ጩኸት ነው።

በደርግ ጊዜ የአንድ ካድሬ መኪና ባትሪዋ ተሟጦ እያደረ፣ በየጠዋቱ እኛ ጎረቤቶቹ ተጠርተን እንገፋ ነበር። አጎቴ ባትሪውን ቻርጅ አድርገው ሲፈትሹ፣ ከወንበሩ ስር ተደብቆ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ሬዲዮ አወጡ። ሳይጠፋ የከረመ ነው። ድምፁን ቢጨምሩት የአማፂያኑ ጣቢያ ሆነ።

«ሌባው ይኸው!» አሉ እንደ ልማዳቸው፣ እየሳቁ። የገበያ ቀን ነበርና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰማ።

ካድሬው አልሳቀም። «አንተ ነህ ያስገባኸው። ግባ መኪናዋ ውስጥ!» አላቸው።

አስከሬናቸውን እንኳ አልሰጡንም። አሲድ የበሳው ቱታቸው ዛሬም ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ቀን መኪናዋ እሳቸውን ጭና በአንድ ቁልፍ ስትነሳ፣ ግፉ ያለን ሰው አልነበረም።