የሊዮና ወሬና የኤልደን ሸሚዝ

ዊልማ የጣቶቿ አንጓ ካበጠ ወዲህ ካውያ ማንሳት ከብዷታል። ባሏ ኤልደን ጸጉሩ ሳይሸብት ጀምሮ በኔብራስካዋ ትንሽ ከተማቸው እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚቀበል ነው። እሷ እያመማት ሸሚዙን ስትተኩስ ሲያይ ግን፣ "ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይቁም፤ እግሬን ደከመኝ" አለ። እግሩ ደህና እንደሆነ ዊልማ ታውቃለች። ያን በር እንዲተው ደግሞ አልፈለገችም።

ስለዚህ አይጨማደዱም የተባሉ ሸሚዞች ገዛችለት፤ ከእህቷም አሮጌ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ተቀበለች። ሸሚዞቹ ግን እንደተጨበጠ ወረቀት ሆነው ወጡ። ማሽኑ መጨረሻ ላይ ሙቀቱን ያቆምና ልብሱን በቀዝቃዛ አየር ያገላብጣል። በችግር ዘመን ያደገችው ዊልማ፣ "ደጁ ነፋስ ሞልቶት፣ ለነፋስ ኤሌክትሪክ ልክፈል?" ብላ ያኔውኑ ታጠፋዋለች። ትኩሱንም ልብስ ቅርጫት ውስጥ ትከምረዋለች።

በፋሲካ ዋዜማ ማሽኑን ልታጠፋ ወደ ምድር ቤት ልትወርድ ስትል ጎረቤቷ ሊዮና በኩሽናው በር ገባች።

"የኤልደን እግር እንዴት ነው? ባሌ ትናንት ጣሪያ ላይ አየሁት ይላል።"

"ጣሪያ ላይ አያመውም።"

"የኔውም ሰውዬ የሚያመው ሳህን ሲታጠብ ብቻ ነው።"

"ቆይኝማ፣ ማሽኑን ላጥፋና..."

"ማሽኑ የት ይሄድብሻል? ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ሊዮና ከምራቷ ጀምራ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በወሬ አዳረሰችው። በመጨረሻ ከታች የማሽኑ ደወል ጮኸ። ዊልማ ሁልጊዜ ቀድማ ስለምታጠፋው ያን ደወል ሰምታው አታውቅም ነበር።

ወርዳ ሸሚዙን አወጣችው። በርዷል፤ አንገትጌው እንኳ አንድ መስመር የለውም። ቀዝቃዛው አየር ለካ ትኩሱ ጨርቅ ተከምሮ እንዳይጨማደድ፣ እየተገላበጠ እንዲበርድ ኖሯል።

ማታ ኤልደን ሸሚዙን አየና እጇን ይዞ አገላበጠው።

"ተኮስሽው?"

"ካውያውን አልነካሁትም። እግርህስ?"

"ለነገ ይሻለዋል" አለ፤ እጇን ግን አልለቀቀም።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመ። እሷም ከሰዓት በኋላ የፖም ኬክ ይዛ ሊዮና ቤት ሄደች።

"ምን አድርጌልሽ ነው?"

"አወራሽኝ።"

"ለሱማ አንድ ኬክ አይበቃም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራሽ ነው የኖርኩት።"

ዊልማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዛሬ የምታጠፋው ነገር አልነበራትም።