የሳንዶይ ደሴቶችና የቀይ ባሕሯ ጉብታ

ትእዛዙ የደረሰን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ከወደባችን ውጭ፣ ከጨው ማምረቻው ማዶ ባሕሩ ዳር ያለችውን ጉብታ እስከ ቀትር እንድንይዝ ተባልን። መርከበኞች ነን፤ የምድር ውጊያ አልለመድንም። አሥራ ሁለት ሆነን ወጣን።

ጉብታዋ ላይ እንዳለን ሁለት ሰዓት ላይ የመድፍ ተኩስ ጀመረ። ሁለት ሰው ሞተብን። ሬዲዮው ተመታ። አራት ሰዓት ላይ የኋላው መንገድ ተዘጋ፤ የቀረን ባሕሩ ብቻ ሆነ። ከጉብታዋ ግርጌ አንድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ አገኘን። ውሃው ግን ጀልባ የሚሰነጥቅ ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ካርታም አልያዝንም።

መሪያችን ከበደ «የኖርዌዩን ሰውዬ ትምህርት አስታውሱ» አለ።

ሰውዬው በወጣትነታችን የባሕር ካርታ ያስተማረን መኮንን ነው። የተወለደው ሳንዶይ በምትባል የምዕራብ ኖርዌይ የጠረፍ ወረዳ ነበር። ወረዳዋ ደሴት ብቻ ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ነፋስ የሚጠርጋት፣ ሕዝቧ በዓሣ የሚኖር። ደሴቶቿን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣለ አስጠናን። የእሱ ደሴት ኦና ትባላለች። እኛ ስንስቅ «ምን ያስቃችኋል?» አለ። በእኛ ቋንቋ ሰው የሌለበት ቤት ማለት እንደሆነ ነገርነው። «ሰው አለበት፤ እናቴ አለች» አለን። ነፋስ ሳይኖር ውሃው ነጭ ከሆነ ከሥሩ ድንጋይ አለ፤ ያስተማረን ይህንን ነበር።

ጀልባዋ ላይ ወጥተን፣ ነጩን ውሃ እየሸሸን፣ በዘንግ ጥልቀቱን እየለካን ሄድን። ሆዱን የተመታው ግርማ እግሬ ሥር ተኝቷል። እንዳያንቀላፋብን ከበደ «ግርማ፣ የሳንዶይን ደሴቶች ቁጠር!» አለው።

«ኦና... ሳንዶያ... ፊኖያ...»

«ቀጥል!»

«ሃሮያ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ከበደ ዛሬም ይፈትነናል?»

«ዛሬም» አልኩት። ግርማ ስድስት ሰዓት ሳይሆን አረፈ። ጀልባዋ ድንጋይ ሳትነካ ወደብ ገባን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን በስደት አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሠፈር ባለው ቤታችን፣ ለልጅ ልጄ ለሳምራዊት ስነግራት ስልኳ ላይ ፈለገች። «አባባ፣ ሳንዶይ ሙኒሲፓሊቲ መሆኑ ቀርቷል። በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሃያ አጠገቡ ካለው ትልቅ ከተማ ጋር ሜርጅ አድርገውታል።»

«ሰዎቹስ?»

«እዚያው ናቸው። ስሙ ነው ከመዝገብ የወጣው።» ስልኳን አስቀምጣ «ስንት ሰው ሞተባችሁ?» አለችኝ።

ሦስት። ሁለቱን ጉብታዋ ላይ ትተን መጣን፤ ግርማን ቀበርነው። ከማዶ ሲተኩሱ የነበሩትም ሙታን ነበሯቸው። ቁጥራቸውን አላውቅም። የእነሱን የሚቆጥር ሌላ ሽማግሌ አንድ ቦታ ይኖር ይሆናል።