የእናቴ ሄሮድስ

ባለፈው የገና ሰሞን ከፍላቂት ወደ ላሊበላ ስሄድ የሚኒባሱ ሾፌር የከፈተው ዘፈን ሰብአ ሰገልን ያነሳ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳም ለጓደኛው ወርቁ ይህ ነው፣ ዕጣኑ ያ ነው እያለ ሲተነትን ወርጄ በእግሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝ። ሰው በዘፈን ውስጥ ሃይማኖት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔን ያሳፍረኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከየቤቱ ሲለቀም፣ ታላቅ ወንድሜ ከአሸተን ማርያም በታች ባለ ዋሻ ተሸሽጎ ከረመ። እናቴ እንጨት ለቀማ የምትወጣ መስላ የገብስ ቆሎ በመቀነቷ ቋጥራ ታደርስለት ነበር። አንድ ማለዳ ታጣቂዎች ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ዋሻው ድረስ ሄደው ይዘውት ወረዱ። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ወፍጮዋ ላይ ባጎነበሰች ቁጥር፣ ድንጋዩ ገብሱን እያደቀቀ ሲያጓራ፣ በዚያ በቀጭኑ ድምጿ ታንጎራጉራለች፦

«ሄሮድስ ቢጠይቅ ንገሩኝ እያለ፣
ከሰብአ ሰገል ውስጥ አንድ ያወራ የለ፤
ለኔ ልጅ ጊዜማ ጠፋ እንዲህ ያለ።»

ይህን አንዱ አቀበለና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ መሀል አስነሳት።

«አንቺ! ሄሮድስ ያልሽው መንግሥትን ነው?»

አባቴ ብድግ አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከስብከት የለቀመችውን ነው የምታላዝን። ሄሮድስ ያው የጥንቱ ነው፣ ሙቷል።»

«ካልሞተ መዝግቡትና መዋጮ ይክፈል!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ፣ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ዳነች። ስትቀመጥ ግን ያየችው ሊቀመንበሩን አልነበረም፤ አባቴን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ወፍጮው ብቻውን አጓራ።

ፊደል የቆጠርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ጢሜን አንዠርግጌ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ስለ ልደት የተጻፈውን ሳነብ፣ ንጉሡ ሕፃኑን ስታገኙት ንገሩኝ ብሎ የላካቸው ሰዎች ሳይነግሩት በሌላ መንገድ አገራቸው ገቡ ይላል። ታሪኩን ከስብከት ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ግን ሊቀመንበሩ ሄሮድስ ላይ ሲያፈጥ እኛም አብረነው አፈጠጥን። እናቴ ያለቀሰችው ስለ ጠያቂው አልነበረም። ስለ ተጠያቂው ነበር። ዋሻውን ደግሞ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባቴ ያን ጊዜ ሞቷል። ገብስ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩና «እማየ፣ የነገራቸው አባየ ነው?» አልኳት።

ቀና ሳትል «ትልቁን አሳየንና ትንሹን እንተውልሃለን አሉት» አለች። «ተረፍክ አይደል?»

ያችን እንጉርጉሮ አንድ ጊዜ እንድታሰማኝ ለመንኋት። ዜማው ጠፍቶኛል አለች፤ እኔም ቃሉን ይዤ ቀረሁ።

ይኸው ሸበትኩ። በዕድሜዬ ያፈራሁት አንድ የቆርቆሮ ቤትና የተጣላኋቸው ጎረቤቶች ናቸው። ወንድሜ የተሰጠው ለዚህ ነው።