ከነጠብጣቡ መስመር በታች

መሥሪያ ቤታችን የገጠር ሰዎችን የውርስና የድንበር ወረቀት የሚያስቀምጥ ነበር። እኔ መዝገብ ቤቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ማህደር ሲጠፋ ካልሆነ በቀር ማንም ስሜን አያነሳም፤ እኔም እንዲያ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። ይህ ሰው «ዲጂታል» የምትለዋን ቃል የሆነ ስብሰባ ላይ ሰምቶ ከተመለሰ በኋላ ሌላ ቃል የቀረው አይመስልም። ሻይ ቤት ወንበር ስቦ ሲቀመጥ እንኳ ዲጂታል ስለምትሆነው ባሕር ዳር ነበር የሚያወራ። በሦስተኛው ወሩ ለየጠረጴዛችን ስካነር አስገዛ። ስካነሩን የሚያሠራው ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒዩተር የእኔም ጠረጴዛ ላይ ተተከለ፤ የሚያሠለጥነን ባለሙያም ከአዲስ አበባ መጣ።

ባለሙያው ባጁን ባንገቱ አንጠልጥሎ ነው የገባ። እኛ ስድስት ሰዎች ነን፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ባጁን ለማን እንደሚያሳይ አላወቅሁም። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ እሱ የት የት አገር እንደሠለጠነ የተረከበት ነው። በተረፈው ጊዜ የፕሮግራሙን መስኮት ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አሳየን። በግራ በኩል የሚመረጡ ነገሮች ተደርድረዋል፣ በቀኝ በኩል ባዶ ነጭ ገጽ አለ። «ፕሪቪው» የሚለውን ሲጫኑት ማሽኑ ያጓራል፣ መብራት ከላይ ወደ ታች ያልፍና ወረቀቱ በነጩ ገጽ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ዙሪያውን የነጠብጣብ መስመር ይከበዋል። ከመስመሩ ውስጥ ያለው ይቀራል፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው አይቀረጽም። ይኸው ነው። ለዚህ ነው በአውሮፕላን የመጣ።

የነጠብጣቡን መስመር በማውዝ እየጎተተ ራሱ ይዞት በመጣው ደብዳቤ ልክ አደረገው። ቀለሙን «ጥቁርና ነጭ» አለው፣ «ፋይሉ እንዳይከብድ» ብሎ። ከዚያ በሁላችንም ኮምፒዩተር ላይ ሁሌም እንደዚያ እንዲከፈት አድርጎ አስቀመጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«ማዘር፣ ከዚህ በኋላ አንቺ የምትነኪው ይቺን አንዲት ቁልፍ ብቻ ነው። ሌላውን እንዳትነካኪ።»

ማዘር! ጢሙ ውስጥ ከእኔ ፀጉር የበለጠ ሽበት አይቻለሁ።

«የድሮው ወረቀት ከዚህ ይረዝማል» አልሁት። «ማኅተሙና ፊርማው ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ነው። አይቆረጥም?»

ሳቀ። ኃላፊውን እያየ ነው የሳቀ፣ እኔን እንኳ ለማየት አልፈለገም።

«ሶፍትዌሩ ራሱ ያውቃል።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። እሱም ያውቃል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ባለሙያውን ዓሣ ሊያበላው ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደው።

በማግስቱ ሥራ ጀመርሁ፤ አምስተኛውን ማህደር እንደከፈትሁም የፈራሁትን አየሁ። ረጅሙ ወረቀት ከታች አራት ጣት ያህል ተገምጧል። ፊርማ የለም፣ የአሻራ ምልክት የለም፣ ማኅተም የለም። ማኅተሙ ከፍ ብሎ የተመታበት ወረቀት ላይ ደግሞ ወይን ጠጁ ቀለም በጥቁርና ነጭ ምርጫው ምክንያት ፈዝዞ የቆሻሻ ጠብታ መስሏል። መስመሩን በማውዝ ይዤ ወደ ታች ጎተትሁት፣ ቀለሙን ቀየርሁ። ወረቀቱ ሙሉውን ወጣ። አንድም ትምህርት አላስፈለገኝም።

ነገር ግን በቀለም ሲሆን መብራቱ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፍ። ኃላፊው በበኩሉ ማን ስንት ገጽ እንዳነሳ የሚያሳይ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ዓርብ ዕለት ስሜ ከታች ሆነ። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ቆመብኝ።

«ከሌሎቹ ለምን ታንሻለሽ?»

«ሌሎቹ ማኅተሙን እየቆረጡት ነው» አልሁ።

«የባለሙያውን አሠራር ማን ለውጪ አለሽ?»

ሥራዬን እንዳላጣ አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። መስመሩን ወደነበረበት መለስሁና ያቺን አንዲት ቁልፍ መጫን ጀመርሁ። ስምንት ወር ያህል፣ እያየሁ፣ የሰውን ፊርማ ስቆርጥ ከረምሁ። በሁለተኛው ወር ስሜ ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። ኃላፊውን ስንቀው ራሴንም የማልረሳ በዚህ ምክንያት ነው።

የተነሱት ወረቀቶች በማዳበሪያ ጆንያ እየታጨቁ ከግቢው ጀርባ፣ ሐይቁ ውኃ ሲሞላ እርጥበት ወደሚገባው መጋዘን ይወረወሩ ነበር። ሁለት ጋሪ ሙሉ ተጭኖ ለወረቀት ገዢዎች ሲሄድ በመስኮት አየሁ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ቦታ ተገኘ እያለ ይደሰታል።

ከዚያ አንድ ማለዳ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ፣ አንድ መሪጌታ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥምጥማቸው ላይ የመንገዱ አቧራ የተኛበት ሽማግሌ ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በሽማግሌ የተፈራረሙት የድንበር ስምምነት ነበራቸው። ጎረቤታቸው ሲሞቱ የሟቹ ልጆች ድንበሩን ገፍተው አረሱ፤ መሪጌታ ሲከሱ ፍርድ ቤቱ የስምምነቱን ግልባጭ አምጡ አላቸው። ስማቸውን ጽፌ ከኮምፒዩተሩ ፈለግሁ። ተገኘ። አትሜ ስሰጣቸው ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበቡት።

«ልጄ፣ ይኼ አላለቀም።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሽማግሎቹ የፈረሙበት የት ሄደ? ማኅተሙስ?»

ወደ ኃላፊው ቢሮ ወሰድኋቸው። ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ስክሪኑን ከፍቶ አመሳከረ። ከዚያ ያለ አንዳች እፍረት፣ አያቱ የሚሆኑትን ሰው አስቁሞ እንዲህ አለ፤

«ሲስተሙ ላይ ያለው ይኸው ነው። ፊርማ የለበትም። ስለዚህ ሰነዱ ያልተፈረመ ሰነድ ነው ማለት ነው።»

መሪጌታ እንዳልሰማ ሰው ጠጋ ብለው አዩት።

«እኔ በእጄ ፈርሜያለሁ» አሉ። «ሰባት ሽማግሎች ፊት። አንዱ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጣቱን ይዤ አሻራውን ያስነካሁት እኔ ነኝ።»

«አባ፣ እኔ የማየው ሲስተሙን ነው።»

ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሱና በታተመው ወረቀት ግርጌ፣ ባዶው ላይ፣ ስማቸውን ጻፉ። መጽሐፍ የሚጽፍ እጅ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ተለክቶ የቆመ። «ይኼን ነው ያጠፋችሁት» ብለው እስክሪብቶውን በቦታው መለሱት።

ኃላፊው ደወለ። የደወለው ለባለሙያው ነው። እኛም ቆመን ሰማነው። ባለሙያው በስልክ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ኃላፊው ግን ስልኩን ዘግቶ «ሶፍትዌሩ ችግር የለበትም ብሏል» አለን። እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝሁት አፍ ተከፈተ።

«ሶፍትዌሩማ ምን አጠፋ! የነጠብጣቡን መስመር ያጠበበው ያንተ ባለሙያ ነው፣ ቁልፉን የተጫንሁት እኔ ነኝ፣ አትለውጪ ያልኸኝ አንተ ነህ። መጋዘኑን ክፈትልኝ።»

የመጋዘኑን ቁልፍ የሰጠኝ ተጸጽቶ አይመስለኝም። መሪጌታ ከፊቱ ቶሎ እንዲነሱለት ነው።

ሦስት ቀን ጆንያ ስገለብጥ ዋልሁ። ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ አንዳንዱን አይጥ ቆርጥሞታል፣ ሽታው ሹም አቦ ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይሄድ ነበር። መሪጌታ ከተማ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግል ደቀ መዝሙራቸው ዘንድ አድረው ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። እርስዎ አይልፉ ብላቸው አልሰሙኝም፤ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የማወጣላቸውን ወረቀት ስም በስም ይለያሉ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ፈጣን ነበሩ። የድሮ ጸሐፊዎችን የእጅ አጣጣል ያውቁታል።

«አንቺ ቆርጠሽው ነው?» አሉኝ በሁለተኛው ቀን፣ ቀና ሳይሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

መሪጌታ ቀጣዩን ወረቀት ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ተገኘ። ዳርቻው ረጥቦ ቢጫ ሆኗል እንጂ ሰባቱም ስሞች አሉ፤ ያ የተንቀጠቀጠው ጣት አሻራም አለ፣ ወደ ጎን ተጋድሞ። ስካነሩ ላይ በጥንቃቄ ዘርግቼ የነጠብጣቡን መስመር እስከ ግርጌው ጎተትሁት፣ ቀለሙን መረጥሁ፣ መብራቱ የፈለገውን ያህል ቀስ እያለ ሲያልፍ ጠበቅሁት። ማኅተሙ ወይን ጠጅ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ወጣ። መሪጌታ አጎንብሰው ራሳቸው ሲያዩት ከትከት ብለው ሳቁ።

ግልባጩን ይዘው ሄዱ፤ ከሁለት ወር በኋላም ድንበራቸው እንደተመለሰላቸው በሰው ላኩብኝ።

መሥሪያ ቤታችንስ? ኃላፊው ለበላይ አካል «የሥራ ማሻሻያ» ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ የእኔ ስም አልነበረበትም፤ የባለሙያው ግን ነበረበት። ባለሙያው ዳግመኛ ተጠርቶ መጣ፣ የነጠብጣቡን መስመር እንዴት ወደ ታች እንደሚጎተት ግማሽ ቀን አስተማረን፤ ሠርተፊኬትም ተሰጠን። የእኔን የት እንዳደረግሁት አላውቅም።

የቀሩትን ጆንያዎች እንደገና ማንሳት ጀመርን። በጋሪ የሄዱት ግን አይመለሱም። የእነዚያ ባለቤቶች ሲመጡ «ሲስተም ላይ የለም» በሏቸው ተብለናል፤ አብረውኝ የሚሠሩት እንዲያ ይላሉ። እኔ ወንበር ስቤ አስቀምጣቸዋለሁ፣ «ወረቀትዎ ተፈርሞ ነበር፣ የቆረጥነው እኛ ነን» እላቸዋለሁ፣ ለፍርድ ቤት የሚያሳዩት ይሆን ዘንድም ይህንኑ በእጄ ጽፌ ፈርሜ እሰጣቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዳንዷ ታለቅሳለች። ኃላፊው ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው።