ከኮማዋ ወዲያ

ከውጭ ሻሽ የሚልክልኝ ነጋዴ ዛሬ በእንግሊዝኛ «ምርጥ ደንበኛዬ ነሽ። ሃውኤቨር፣» ብሎ ጻፈልኝ። «ይሁን እንጂ» ማለቱ ነው። ኮማዋ ላይ ስደርስ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር አባቴ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ሸተተኝ።

ልጅ ሆኜ ለአባቴ ዕብራይስጡን የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አለቃው ፈገግ ብሎ ተናገረ፤ ትንፋሽ ወሰደና ቀጠለ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነህ ይልሃል፣ አባ።»

«እሱን ተይው። ትንፋሽ ከወሰደ ወዲያ ምን አለ?»

አባቴ ጓንቱን አወለቀ፤ ከሥራ መባረሩ ሳልነግረው ገብቶታል።

አንዳንዱ ብልጥ ሃውኤቨርን በሁለት ኮማ አቅፎ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ይሸጉጣታል፤ የበሰበሰ ቲማቲም ሣጥን መሃል እንደሚሸጎጠው። ይኼኛው እንኳ ደፋር ነው፣ ፊት ለፊት አስቀምጧታል። የቀረውን ሳላነብ ለሌላ አቅራቢ ደወልኩ።