የመስኮቱ ቅናሽ

ሰሞኑን ወልድያ ያለውን የቤታችንን መስኮት በአልሙኒየም ልናስቀይር አንድ ወጣት ባለሙያ ጠርተን ነበር። ሲለካካ ቆይቶ ዋጋውን በወረቀት ጻፈና ለባለቤቴ ሰጠው። ባለቤቴ አንብቦ ሳይጨርስ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«ለእርስዎ ሲሆን ግን ቅናሽ አለው፣ እናቴ» አለኝ።

ክፋት የለበትም፤ ነጋዴ ሁሉ የሚለው ነው። እኔ ግን «ቅናሽ» የሚለውን ቃል አልወድም። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።

ይህን ቃል የጠላሁት በወጣትነቴ፣ መርሳ አጠገብ ባለችው ግራና፣ አባቴ ቤት ሳለሁ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት የክረምት መግቢያ ነበር። ማንጎ እያለቀ ስለነበር ከዛፉ ሥር የወደቀው ፍሬ ይበሰብሳል፤ ጣፋጭና የኮመጠጠ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፤ ዝንቡም ለጉድ ነው። የቤታችንን የእንጨት መስኮቶች ምስጥ ጨርሷቸው ሲነኳቸው ዱቄት ይሆናሉ። እማዬ የማዳበሪያ ጆንያ ብትወጥርባቸውም ዝናቡን አልመለሰላትም። አስም ነበረባት። ቅዝቃዜው በገባ ቁጥር ደረቷ ሲያፏጭ ከውጭ ይሰማል።

አባዬ ይህን ሲሰሙ ከርመው አንድ ቀን መርሳ ሄዱና እንድሪስ የሚባል የብረት በርና መስኮት ሠሪ ይዘው መጡ። የእሳቸው እኩያ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት።

እንድሪስ መስኮቱን ለመለካት የፈጀበት ጊዜ ለመብላት ከፈጀበት ጋር አይወዳደርም። እማዬ ዶሮ ሠርታለት ነበር። ቅልጥሙን ቆርጥሞ፣ ጣቱን አንድ በአንድ ልሶ፣ ወደ ማንጎው ዞረ። ከጥርሱ መሀል የማንጎውን ቃጫ እየጎተተ ወለሉ ላይ ይጥላል። ሲጠግብ እጁን በመጋረጃችን ጠረገ። እኔ ላስታጥበው ውሃ ይዤ ስቀርብ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። መስኮቱን እንኳ እንደዚያ አላየውም።

ከዚያ ዋጋውን ተናገረ። አባዬ ደነገጡ።

«ኧረ በአላህ እንድሪስ! ቤቱ ራሱ ቢሸጥ ይሄን ያወጣል?»

እንድሪስ ሳቀ። «ሰይዶ፣ ይሄ እኮ የባዳ ዋጋ ነው። ለዘመድ ቅናሽ አለው።»

«የምን ዘመድ?»

«ልጅህን መዲናን ስጠኝ። ሁለተኛ ሚስቴ ትሁን። መስኮቱን በነጻ እሠራልሃለሁ፤ ወላሂ በሩንም እጨምርልሃለሁ።»

በአገራችን ልጅ ሲፈለግ ሽማግሌ ይላካል፤ ቤተሰብ ይከበራል። እሱ ግን እኔንና መስኮቱን በአንድ ትንፋሽ ጠራን። አባዬ አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ያባርሩታል ብዬ ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። አባዬ ግን ጺማቸውን እየዳበሱ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ እማዬን አዩ።

«እስቲ እናስብበት» አሉ።

ማስታጠቢያውን አስቀመጥኩ። ወጥቼ ማንጎው ሥር አስታወክሁ።

በማግስቱ እንድሪስ ስኳርና ቴምር ላከ። እኔ አልነካሁትም። አባዬ አጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩኝም። መስኮቱ ጋ ይሄዳሉ፣ የተበላውን መቃን በጣታቸው ይነካካሉ፣ ይመለሳሉ። ዋጋ እያስማሙ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ከቤቴ ልጥፋ ብዬም አስቤያለሁ፤ ግን ወዴት?

ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንድሪስ መልሱን ሊሰማ መጣ። ገና ሳይቀመጥ እማዬ ስኳሩንና ቴምሩን ይዛ ከጓዳ ወጣች። እስከዚያ ቀን አንቱ የምትለው ሴት፣

«እንካ፣ ያመጣኸውን ይዘህ ሂድ» አለችው።

አባዬ ተቆጡ። «ዘሀራ! ላንቺው ጤና ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ ከሆነ ይቅርብኝ። ትንፋሼን በልጄ አልገዛም» አለች፤ ይህን ለመጨረስ እንኳ አየር አጥሯት ግድግዳ ተደግፋ ነበር።

እንድሪስ ተነሳና ደጃፋችን ላይ እንትፍ አለ። «ኋላ ብትለምኑኝ በመጀመሪያው ዋጋ ነው!»

አባዬ በእሱ ላይ የተቆጡት ያኔ ነው። «ውጣ ከቤቴ!» ብለው እስከ አጥር በሩ ተከትለው አባረሩት። ከዚያ ጭቃ አቡክተው፣ ድንጋይ ደርድረው፣ መስኮቶቹን ደፈኗቸው። ቤቱ በቀን ሳይቀር ጨለማ ሆነ፤ የእማዬ ደረት ግን ያን ክረምት ትንሽ ተሻለው። እኔም ውጤቴ መጣልኝና ለትምህርት ከግራና ወጣሁ።

ይህን ሁሉ አስታውሼ ከጓዳ ስመለስ የአልሙኒየሙን ልጅ ግራ ገብቶት ቆሞ አገኘሁት። ባለቤቴ ሌላም ቦታ ጠይቆ ስለነበር ዋጋው ደህና መሆኑን ነገረኝ። «ቅናሹ ይቅርና ሥራውን አሳምርልን» አልኩት። ሊጀምርልን ነው።

እንድሪስን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል፤ እሱስ ቢዘገንነኝ ምን ይደንቃል። አባዬን ግን እወዳቸው ነበር፤ እማዬን እንዳያጧት የፈሩትን ፍርሃትም አሁን እረዳዋለሁ። «ለምን ወዲያው እምቢ አላሉም?» ብዬ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። እማዬ ባትቀድማቸው መልሳቸው ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።